ጌሾና ሆፕስ፦ ከጣራ ገዳም ግርጌ የታየ የመራራ ቅጠል ታሪክ



ከወረታ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ በስተግራው እያየ አዲስ ዘመን ሲደርስ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ የጣራ ገዳም ደን ይታየዋል። በዙሪያው ያለው አገር ሲመነጠር ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆመው በገዳሙ ክብር ተጠብቆ ነው። ከዛፎቹ ዋነኛው ወይራ ነው፤ ወይራ የጠላ ጋን የሚታጠንበት እንጨት መሆኑንም እናቱ ጠላ ስትጠምቅ ያየ ሁሉ ያውቃል። የዛሬው ንግግሬ ግን ከደኑ በታች ባሉት ጓሮዎች፣ በአጥር ሥር ስለሚበቅለው ቅጠለ አብረቅራቂ ቁጥቋጦ፣ ስለ ጌሾ ነው።

በራሴ ስሕተት ልጀምር። ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ «ጌሾ የኢትዮጵያ ሆፕስ ነው» እያልሁ አስተምሬአለሁ። አባባሉ ምቹ ነው፤ የውጭ አገር እንግዳም ቶሎ ይገባዋል። ሆፕስ ለቢራ፣ ጌሾ ለጠላና ለጠጅ ምሬት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም መጠጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛሉ። ከሃያ ዓመት በፊት ታዲያ በቤታቸው ቢራ ለሚጠምቁ ፈረንጆች የተጻፈ አንድ መመሪያ እጄ ገባና አባባሌን በተግባር ልፈትነው ተነሣሁ።

እነዚህ ሰዎች ብቅሉን ራሳቸው አያበቅሉም። ከፋብሪካ ወጥቶ እንደ ማር የወፈረ የብቅል ጭማቂ ገዝተው በውሃ ይበጠብጡና ያፈሉታል። ፔል ኤል የሚባለውን ፈካ ያለ ቢራ ሲጠምቁ የሚጨነቁበት ነገር ሆፕሱ የሚገባበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ ገብቶ አንድ ሰዓት ያህል የፈላው ምሬት ይሰጣል፤ እሳቱ ሊጠፋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር የገባው ጣዕም ይሰጣል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ፣ እንዲያውም መጠጡ ከቀዘቀዘ በኋላ የገባው ደግሞ መዓዛውን ይዞ ይቀራል፤ ሽታውን የያዘው ዘይት ከእንፋሎት ጋር ስለሚበንን ነው። አንድ ረቂቅ ምክርም አለበት፦ ጭማቂው በሙሉ በትንሽ ውሃ ውስጥ ከገባ ፈሳሹ ይወፍርና የሆፕሱ ምሬት በደንብ አይወጣም፤ ስለዚህ ከፊሉ ለመጨረሻ ይቆይ ይላል። መመሪያው በራሱ አገር እውነት ነው።

እኔም ከገበያ የጌሾ ቅጠል ገዝቼ፣ አስወቅጬ፣ ከብቅሉ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አፈላሁት። አቀዘቀዝሁት። በወይራ በታጠነ እንስራ አድርጌ ቂጣውን ጨመርሁበትና ከደንሁት። በአራተኛው ቀን ብከፍተው እንቅስቃሴ የለም። በስድስተኛው ቀን መራራ፣ ቀጥሎም የሚኮመጥጥ ውሃ ሆነ። ጥቂቱን በጠርሙስ ይዤ ከጣራ ገዳም ግርጌ ጠላ ይጠምቁ ወደነበሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድሁ።

አሸተቱት፤ በጣታቸው ቀመሱት። «ጌሾውን ምን አደረግኸው?» አሉኝ።

«አፈላሁት፣ እማማ።»

«በምን?»

«በእሳት።»

ሣቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «ልጄ፣ ጌሾ የሚፈላው በጋን ነው እንጂ በእሳት ነው? ቅጠሉን ከገደልኸው ጠላውን ማን ያስነሣልሃል?»

አማርኛችን ለሁለቱ ነገሮች አንድ ግሥ ብቻ አለው። ውሃ በምድጃ ላይ ይፈላል፤ ጠላም በጋን ውስጥ ይፈላል። እኔ የተሳሳትሁት በእነዚህ ሁለት ፍላቶች መካከል ነው፤ የሆፕስና የጌሾ ታሪክ የሚለያየውም እዚያው ላይ ነው።

ሆፕስ የእሳት ቅጠል ነው ልበል፤ በትክክል ለመናገር ግን የሴቴው ተክል አበባ ነው። በውስጡ ያለው አልፋ አሲድ በጥሬው ከውሃ ጋር እምብዛም አይዋሐድም፤ ለረጅም ጊዜ ሲፈላ ግን የውስጥ ቅርጹ ይለወጥና የምናውቀው የቢራ ምሬት ይሆናል። ጌሾ እሳት አይጠብቅም። የአገራችን የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት ከቅጠሉ ለይተው «ጌሾይዲን» ብለው የሰየሙት መራራ ነገር አለ፤ ቅጠሉ በቀዝቃዛ ውሃ ቢዘፈዘፍም ምሬቱን ይለቃል። ከምሬቱ የሚበልጠው ግን ሌላው ሥራው ነው። ጠላ የሚጠምቅ ሰው እርሾ ገዝቶ አይጨምርም። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚለውጡት ሳካሮማይሲስ የሚባሉት እርሾዎች፣ ጠላውን ኮምጠጥ የሚያደርጉት ላክቶባሲለስ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም፣ ባልበሰለው ጌሾ፣ በብቅሉና በዕቃው ላይ ተሳፍረው ይገባሉ። እኔ ጌሾውንም ብቅሉንም ስቀቅል፣ ቂጣውም በምጣድ የበሰለ ነበርና፣ በእንስራው ውስጥ በሕይወት የተረፈ ጠማቂ አልነበረም። በኋላ የገባው የአየሩ ባክቴሪያ ብቻ ነው።

ሥራውን በቅደም ተከተሉ ብናየው የእማማ ንግግር ይበልጥ ይገለጣል። የተወቀጠው ጌሾ ከጥቂት ብቅል ጋር በውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከዚያ ቂጣው ወይም እንኩሮው፣ ተጨማሪ ብቅልና እንደገና ጌሾ ይገባና ድፍድፍ ይሆናል። ውሃ ተሞልቶበት ሲጠራ ጠላ ይባላል፤ በድጋሚ ውሃ የተጨመረበት ቅራሪ ነው፤ የቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል፤ የፎገራ ላሞችም ድርሻቸውን ያገኛሉ። እንግዲህ በእኛም ዘንድ መራራው ቅጠል የሚገባበት ጊዜ የተለያየ ነው፦ የፊተኛው ጌሾ ሕይወት ያስነሣል፣ የኋለኛው ምሬቱን ያስተካክላል። የፈረንጁ ሰዓት በደቂቃ ይቆጠራል፤ የእኛው በቀን። ቋንቋችንም ይህን ስለሚያውቅ ነው ዛሬ የድርጅት መሥራችን «የሐሳቡ ጠንሳሽ» የምንለው። ማንም «የሐሳቡ ደፍዳፊ» አይልም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። የሆፕስ ታሪክ የሚታወቀው ስለተጻፈ ነው። በፈረንሳይ የኮርቢ ገዳም አበምኔት የነበረው አዳልሃርድ እ.ኤ.አ. በ822 ባወጣው ደንብ ውስጥ ሆፕስን ይጠቅሳል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊቷ መነኩሲት ሂልዴጋርድ መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅ ጽፋለች። ከዚያ በፊትና ለብዙ ጊዜ ከዚያም ጎን ለጎን አውሮፓውያን ቢራቸውን የሚያጣፍጡት ግሩት በሚሉት የልዩ ልዩ ቅጠሎች ድብልቅ ነበር፤ የግሩት ሽያጭ ለባለሥልጣናት ገቢ ስለነበረ የሆፕስ መግባት የግብር ጉዳይም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫርያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ሌላ እንዳይገባበት ደነገጉ። መነኮሳት፣ ግብር ሰብሳቢዎችና ሕግ አውጪዎች ጽፈውታል ማለት ነው።

የእኛ ጸሐፊዎችስ? በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና ያስማረካቸውን ቤጃዎች ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍር ስንቅ እንደሰጣቸው በድንጋይ ላይ አስጽፏል፤ ከእንጀራው፣ ከሥጋውና ከወይኑ ጋር ቢራ ይጠቀሳል፤ በግሪክኛው ጽሑፍ ቃሉ «ዚቶስ» ነው። በግእዝ ጠላ «ስዋ» ይባላል፤ ትግርኛ ቃሉን እስከ ዛሬ ይዞታል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዜና መዋዕሎች ግብር ሲበላ፣ ጠጅና ጠላ ሲቀዳ እናነባለን። ጥንስሱ ስንት ቀን እንደቆየ፣ ጌሾው ቅጠሉ ይሁን እንጨቱ፣ የሚነግረን የለም። ጸሐፊው በአዳራሹ ነበር፤ ሥራው ግን በጓዳ፣ በሴቶች እጅ ነበር። ለእኔ ይህ ዝምታ ከብዙ የነገሥታት ጦርነት ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ነው።

በዚህ ዝምታ ውስጥ አንድ የውጭ ድምፅ ይሰማኛል። በዘመነ ክርስቶስ መባቻ የኖረው ግሪካዊው ስትራቦ፣ መልክዐ ምድርን በተመለከተ በጻፈው ሥራ 16ኛ መጽሐፍ፣ ስለ ቀይ ባሕር ዳርቻ አርብቶ አደሮች ሲተርክ፣ ብዙኃኑ ፓሊዩሮስ የተባለ ቁጥቋጦ የተዘፈዘፈበትን፣ አለቆቻቸው ግን ማርና ውሃ የተቀላቀለበትን እንደሚጠጡ ይነግረናል። ፓሊዩሮስ በዛሬው የዕፅዋት አመዳደብ ከጌሾ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ስትራቦ የተጠቀመበት የግሪክኛ ቃልም መዘፍዘፍን የሚያመለክት ነው፤ ማፍላትን አይልም። ይህ ጌሾ ነው ብዬ አልደመድም፤ ፓሊዩሮስ እሾሃም ሲሆን ጌሾ እሾህ የለውም፣ የቀይ ባሕር ቆላም የጌሾ አገር አይደለም። ነገር ግን የማሩ መጠጥ ለጌቶች፣ የተዘፈዘፈው ቅጠል ለሕዝብ መሆኑን ሳነብ፣ በጠጅና በጠላ መካከል የነበረውን የማዕረግ ልዩነት የማላስብ ብሆን ኢትዮጵያዊ አልሆንም ነበር።

ሳይንሳዊ ስሙ ራምነስ ፕሪኖይዲስ ነው። ስሙን ያወጣለት ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሌሪቲየ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው፤ ተክሉ ከእኛ አገር እስከ ደቡብ አፍሪካ ይበቅላልና። የቅርብ ዘመዱ ጸዶ ግን የአገሩን ስም ይዞ ነው ወደ ሳይንስ የገባው፦ እ.ኤ.አ. በ1847 አሺል ሪሻር «ራምነስ ስታዶ» አለው።

ሆፕስ በብዛት ወደ አገራችን የገባው ከቢራ ፋብሪካ ጋር ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ በ1915 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሆፕስ ለማበብ የረዘመ የበጋ ቀን ይሻል፤ በደንብ የሚያፈራውም ከምድር ወገብ ከ35 እስከ 55 ዲግሪ ርቆ ነው። ወረታ 12 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ረጅሙ ቀኗ 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የቢራችን ምሬት ዛሬም በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የጠላችን ምሬት ከጓሮ ይቀነጠሳል።

ከጓሮ ይቀነጠስ ነበር ብል ይሻል ይሆናል። በ1970ዎቹ በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ መዘራት ሲጀምር፣ የፎገራ ሜዳ መልኩ ተለወጠ። ሩዙ እንጀራ ሆነ፣ ቆይቶም ጠላና አረቄ ሆነ። እህሉ ገብስም ሆነ ዳጉሳ፣ በቆሎም ሆነ ሩዝ፣ መጠጡ ጠላ መባሉን አልተወም፤ ጌሾ የሌለበትን ግን ጠላ የሚለው ሰው አላገኘሁም።

ባለፈው ዓመት የእማማን ልጅ ወረታ አገኘኋት። እናቷ ካረፉ ቆይተዋል። ጠላ ትጠምቃለች፤ እህሏ በአብዛኛው ሩዝ ነው። በጓዳዋ ጥግ ጨርቅ የተሸፈነ ጥንስስ ነበር፤ ጆሮዬን ባስጠጋ ሲንሾካሾክ ሰማሁት። ጌሾው ከየት እንደሆነ ጠየቅኋት። የእናቷ ጓሮ ቤት እንደተሠራበትና ከሱቅ የተፈጨ በፌስታል እንደምትገዛ ነገረችኝ።

«ቅጠሉ ይሁን እንጨቱ፣ ዘንድሮ ይሁን የአምናው አላውቅም፣ ጋሼ» አለችኝ። «እማዬ በሦስት ቀን ትደፈድፍ ነበር። እኔ አንዳንዴ አምስት ቀን እጠብቃለሁ።»