ከግራኝ በኋላ የተመለሱት

አሰላ ሲባል መቼም ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ሩጫ ነው፤ ካልሆነም ስንዴና ገብሱ፣ ጭላሎ ተራራው። ዛሬ ግን ከነኃይሌና ከነቀነኒሳ በፊት ወደነበረው አርሲ እንመለስ። ወሬያችን ወድቀው ስለተነሡ ሰዎች ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዛሬ አርሲ የምንለው ደጋና ዙሪያው ደዋሮ፣ ሻርካ፣ ፈጠጋርና ባሌ የሚባሉ ግዛቶች የሚዋሰኑበት አገር ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይኖርበታል። በ1529 ኢማም አሕመድ ኢብራሂም፣ በተለምዶ ግራኝ የምንላቸው፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ሰበሩ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ደዋሮና ባሌ በእጃቸው ገቡ።

ያኔ ሰዉ ምን አደረገ? አንዱ ተዋግቶ ሞተ። አንዱ ሸሸ፤ የዘይ ሰዎች ትውፊት እንደሚለው ከአርሲ ደጋ ግርጌ ባለው በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች መጻሕፍቱን ይዞ የተጠለለ ነበር። ቤት፣ ልጆችና በሬ ያለው ብዙ ሰው ግን ሃይማኖቱን ለወጠ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ይህን ደጋግሞ ይተርከዋል።

እዚህ ላይ እንተማመን። እስልምናን አምኖና ወድዶ የተቀበለው ሰው ታሪክ ሌላ ነው። ማስገደድም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም፤ ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች ተገድደው መጠመቃቸውን አንረሳም። የኛ ጥያቄ ፈርቶ ስለካደና በኋላ ልመለስ ስላለው ሰው ነው።

በ1543 ኢማሙ ወይና ደጋ ላይ ተገደሉ። የከዱትም ወደ ወጣቱ ንጉሥ ወደ ዐፄ ገላውዴዎስ ምሕረት ሊለምኑ መጡ። አብሮ የዘመተው ፖርቱጋላዊ ካስታኞሶ እንደጻፈው ንጉሡ አንዳንዶቹን አስገደሉ፣ ብዙዎቹን ማሩ፤ ሁሉንም ቢገድሉ ብቻቸውን ይቀሩ ነበርና።

«ይሄማ ፖለቲካ ነው» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የቤተ ክርስቲያኗ ጥያቄ ግን ከዚህ ይከብድ ነበር። ሮም ላይም በ250 ገደማ፣ በዳክዮስ ስደት ጊዜ፣ ለጣዖት የሠዉ ክርስቲያኖች «ተቀበሉን» ሲሉ ኖቫስያኖስ የተባለ ቄስ «አይሆንም» ብሎ ማኅበሩን ከፍሎ ነበር። ለምን እንደሆነ ይገባናል። ልጁን ለሞት የሰጠ ሰው ከካደው ጎረቤቱ ጋር እኩል ቆሞ ማስቀደስ ይቀለዋል?

የኛዎቹ ሊቃውንት መልስ መጽሐፈ ቄደር ሆነ። ከግብፅ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ሥርዓት ነው፤ ስሙም ማሰሮ ከሚል የዐረብኛ ቃል የተወሰደ ነው። ካህኑ ውኃ ላይ ይጸልያል፣ ተመላሹ ይጠመቅበታል፣ ንስሐም ይቀበላል። ልብ በሉ! ይህ የንስሐ ጥምቀት ነው እንጂ ሁለተኛ ልጅነት አይደለም። ጥምቀት አንዲት ናትና አትደገምም። አትደገምም ማለት ደግሞ የመጀመሪያዋ አልጠፋችም ማለት ነው። የካደው ሰው ሲመለስ እንደ እንግዳ አልተመዘገበም፤ በክህደቱ ዘመን ሁሉ ስሙ እዚያው ነበር።

ጴጥሮስም እንዲሁ ነው። ሦስት ጊዜ ካደ፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሲመልስም ሦስት ጊዜ ሥራ ተሰጠው፣ በጎቹን እንዲጠብቅ። ይቅር ተብሎ ጥግ ላይ አልተቀመጠም።

ዐፄ ገላውዴዎስ በ1559 በጦር ሜዳ ወደቁ። ደዋሮ የሚባል ግዛትም ስሙ ከካርታ ጠፋ። መጽሐፈ ቄደር ግን እስከ ዛሬ ለተመላሽ ይነበባል።

እኛ የዘንድሮ ልጆች ደግሞ የሰው ስሕተት መመዝገብ እናውቅበታለን። «ያኔ እንዲህ ያልከው አንተ አይደለህም?» እንላለን፤ ይቅር ብንልም ቦታውን አንመልስለትም። ከዚያ ሁሉ ደም በኋላ ጎረቤታቸውን ወደ ቅዳሴው የመለሱት ሰዎች ከኛ የቀለለ ነገር አልገጠማቸውም።