ግድግዳው የማን ነው?

ማብሪያ ማጥፊያን ማን ያመሰግናል? ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫን ትኖራለች። እሷን በስክሪን ተክቶ መብራቱንም፣ ማሞቂያውንም፣ በሩንም ከአንድ ቦታ በጣት ለማዘዝ ሰዎች መጣር ከጀመሩ ግን ብዙ ዘመን ሆነ። ታሪኩን ስናገላብጥ የገረመን የቤቱ አዛዥ መለዋወጡ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1966 ጂም ሰዘርላንድ የተባለ የዌስቲንግሃውስ መሐንዲስ ከመሥሪያ ቤቱ የተረፉ ዕቃዎችን ሰብስቦ ፒትስበርግ ባለው ቤቱ፣ ምድር ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ገጠመ። ስሙንም ኤኮ ፎር አለው። ክብደቱ 360 ኪሎ ግራም ገደማ! የቤቱን ሙቀት ይቆጣጠራል፣ ሰዓቶቹን ያስኬዳል፣ የአስቤዛ ዝርዝር ይይዛል። ለሽያጭ ቀርቦ አያውቅም። ሲበላሽ ግን ጠጋኙ እዚያው ቤት ነው የሚያድረው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ሃኒዌል የማድ ቤት ኮምፒውተር አወጣ፤ ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ። መልሱን የሚሰጠው ቦግ እልም በሚሉ መብራቶች ነው። ያንን ፈትቶ የምግብ አሠራሩን እስኪያነቡ ድረስ ወጡ አርሯል። ተሸጠ የሚባል አንድም የለም።

ተች ስክሪኑ የመጣው ከሌላ ሰፈር ነው። እንግሊዛዊው ኢ. ኤ. ጆንሰን በ1965 ለአየር በረራ ተቆጣጣሪዎች አስቦ ሐሳቡን አሳተመ። በ1970ዎቹ ደግሞ ጄኔቫ አጠገብ፣ በሰርን የምርምር ማዕከል፣ ቤንት ስተምፕና ፍራንክ ቤክ የአንድ ግዙፍ የፊዚክስ መሣሪያ መቆጣጠሪያ ክፍል በሺህ በሚቆጠሩ ቁልፎች እንዳይጨናነቅ ተች ስክሪን ሠሩለት። አንዱ ስክሪን እንደየሥራው የቁልፎቹን መልክ ይቀያይራል። ለቤት ግድግዳም የሚፈለገው ይኸው ነበር።

የቀረው የሽቦ ጣጣ ነው። በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራው ኤክስ ቴን ትእዛዙን በዚያው በመብራቱ መስመር ላይ መላክ ቻለ፤ እስከ 256 አድራሻ። በኋላ የባለጠጋ ቤት ስክሪኖች መጡ። እነሱ ላይ ግን አንዲት ቁልፍ ለማስቀየር ብዙ ጊዜ ቴክኒሺያን መጥራት ግድ ነበር። በራሳችሁ ግድግዳ ላይ እንግዳ ሆናችሁ ማለት ነው።

ነገሩን ወደ ሰዘርላንድ ዘዴ የመለሰው ርካሽ ዕቃ ነው። በ2012 ራስቤሪ ፓይ የተባለው ትንሽ ኮምፒውተር በ35 ዶላር ወጣ። በ2013 ሆም አሲስታንት የተባለው ነፃ ፕሮግራም፣ በ2015 ደግሞ ለራስቤሪ ፓይ የተሠራ 7 ኢንች ተች ስክሪን ተከተሉ። ግድግዳው ውስጥ ሳጥን መቅበር፣ 5 ቮልት ማድረስ፣ ለሙቀቱ መውጫ ክፍተት መተው... ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይ የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሬቮልቭ የተባለውን የቤት መቆጣጠሪያ ሰዎች 300 ዶላር ገደማ አውጥተው ገዝተውት ነበር። ኩባንያውን የጠቀለለው ኔስት በ2016 አገልግሎቱን ሲዘጋው፣ ያ ዕቃ ሳይሰበር፣ ሳይቃጠል፣ እንደተቀመጠ በድን ሆነ።

ይሄ የገባቸው ሠሪዎች ሁሉንም ነገር እዚያው ቤታቸው ባለ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዳሉ፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራል። (መብራት ሲሄድ አብሮ መሄዱን ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም።) ኮምፒውተሩ ደርቆ እምቢ ያለ ማታም መታጠቢያ ቤት በዳበሳ እንዳይገባ፣ ያቺን የድሮዋን ማብሪያ ማጥፊያ ከስክሪኑ ሥር አይነቅሏትም።