መውጫውን ማን ነገረው?

ከእንጦጦ ጀርባ የጎጃምን መንገድ ይዘው ሲወርዱ ሱሉልታን ያገኛሉ። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የምድር ሳተላይት ጣቢያ የተተከለው እዚህ ነው፤ የኢትዮጵያ የውጭ አገር ስልክ ለረጅም ዓመታት በኢንቴልሳት አማካይነት የሚተላለፈው በዚሁ ጣቢያ ነበር። ቴሌ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲጀምርም ከአገር የሚወጣው በሳተላይት ነበር። አገር መውጫዋን በጀት መድባ፣ መሐንዲስ ቀጥራ ታበጃለች። ሰበታ ያለ ተራ ኮምፒውተር ግን የራሱን መውጫ ሰው ሳይነግረው ያገኛል። ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም።

ኮምፒውተር ከጎረቤቱ ጋር በቀጥታ ይነጋገራል። ከግቢው ውጭ የሚሄደውን የመረጃ ጥቅል (ፓኬት) ግን ለአንድ ራውተር ያስረክባል፤ የቀረው የራውተሩ ጣጣ ነው። ይህ ራውተር «ዲፎልት ጌትዌይ» ይባላል። ድሮ ቁጥሩን ባለሙያው በየማሽኑ እየዞረ በእጁ ያስገባ ነበር፤ ራውተሩ የተቀየረ ዕለት ዙሩ እንደገና ይጀመራል። አንዳንዶች ደግሞ ኮምፒውተሩን ጆሮ ጠቢ አድርገው፣ ራውተሮች እርስ በርስ የሚለዋወጡትን መልእክት እንዲያዳምጥ ያደርጉት ነበር። ራውተሮቹ የሚግባቡበት ደንብ ሲለወጥ ጆሮ ጠቢው ግራ ይጋባል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ስቲቭ ዲሪንግ፣ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ሳለ፣ አርኤፍሲ 1256 የተባለውን ሰነድ አዘጋጀ። ነገሩ በሁለት መልእክት ያልቃል። ራውተሩ እንደ አዋጅ ነጋሪ ከ7 ደቂቃ ተኩል እስከ 10 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ አንዴ «እዚህ ነኝ» ይላል። ገና የተከፈተ ኮምፒውተር ያን ያህል መጠበቅ ስለማይችል «ራውተር አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቢበዛ ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም ይላል። አዋጁ የሚጸናው 30 ደቂቃ ነው፤ ካልታደሰ ይሰረዛል። በዚህ ፍጥነት የሞተ ራውተርን ቶሎ መለየት እንደማይቻል ሰነዱ ራሱ ይናገራል። እንዲህ ድክመቱን በግልጽ የሚጽፍ የቴክኒክ ሰነድ ደስ ይላል።

በእኛ አገር ጥያቄው ዘግይቶ መጣ። በሞደም ለሚደውል ደንበኛ ከመስመሩ ማዶ ያለው አንድ ማሽን ብቻ ስለሆነ የሚፈለግ መውጫ የለም። ቢሮዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በኬብል ማያያዝ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያኔ ገበያውን የያዘው ዲኤችሲፒ ነበር። ራልፍ ድሮምስ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ይህ ደንብ የአይፒ አድራሻውንም መውጫውንም አንድ ላይ ይሰጣል። የዲሪንግ ሐሳብ ያምራል፤ ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ባለሙያ ደግሞ ሁሉን ባንዴ የሚጨርስለትን ይመርጣል።

ሁለቱም ደንቦች የተናገረውን ሁሉ ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሎፍት የተባለ የቦስተን ቡድን፣ ዊንዶውስ 95 እና 98 የሐሰት የራውተር አዋጅ ተቀብለው ከዲኤችሲፒ ካገኙት መውጫ እንደሚያስበልጡት አሳየ። ሌባ ባይኖርም ችግሩ አይቀርም። ቡራዩ ያለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ዋይፋይ ለማስፋት ሁለተኛ ራውተር ገዛ እንበል። ኬብሉ «ዋን» በተባለው ቀዳዳ ፈንታ ከ«ላን» ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰካል። አዲሱ ራውተር ቀድሞ ከመለሰ «መውጫህ እኔ ነኝ» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ይቀበላል። የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፤ ገጹ ግን አይከፈትም። ስድቡን የሚቀበለው ቴሌ ነው።

ዲሪንግ ግን መጨረሻ ላይ ሳያሸንፍ አልቀረም። ከሮበርት ሂንደን ጋር ሆኖ ባዘጋጀው አዲሱ የኢንተርኔት ደንብ፣ በአይፒቪ6፣ ውስጥ ኮምፒውተር መውጫውን የሚያውቀው ከራውተሩ አዋጅ ነው፤ ዲኤችሲፒ ለአይፒቪ6 ሲሠራ መውጫን የሚሰጥበት ቦታ እንኳ አልተተወለትም። ዊንዶውስ ባለው ማሽን ላይ «አይፒኮንፊግ» የሚል ትእዛዝ ጽፎ ይህን ማየት ይቻላል። በ«ዲፎልት ጌትዌይ» አጠገብ 192.168.1.1 የመሰለ ቁጥር ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰጠው ዲኤችሲፒ ነው። በኤፍኢ80 የሚጀምር ከታየ ደግሞ ራውተሩ ራሱ ያወጀው ነው።