ዕድሜ ያለው የቤት ዕቃ እንዴት ይመረጣል? አዲስ ቤት ለሚያሟሉ ቤተሰቦች

ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ሲኤምሲና አያት ድረስ በተገነቡት ኮንዶሚኒየሞችና አፓርታማዎች ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች ይኖራሉ። ቁልፍ የተረከበም ሆነ ኒካሕ ያሰረ ሁሉ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ «ቤቱን በምን እናሟላው?» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ሳምንት ያልቃል፤ ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ ደግሞ ሶፋው ጎድጉዶ፣ የቁምሳጥኑ እግር አብጦ ሌላ ግዢ ይጀመራል። ይህ ጽሑፍ ገንዘብንም፣ ጤናንም፣ ዛፍንም የማያባክን ምርጫ እንዴት እንደሚደረግ ያሳያል።

ቤትና ዕቃ በዲናችን

በሱረቱ ነሕል አንቀጽ 80 አላህ (ሱ.ወ) ቤትን የእርጋታ ቦታ እንዳደረገልን፣ ከእንስሳት ሱፍና ፀጉርም ለተወሰነ ጊዜ የምንገለገልበትን የቤት ዕቃ እንደሰጠን ይነግረናል። ሁለት ቁም ነገር እንይዛለን። የቤት ዕቃ ጸጋ ነው፤ መገልገሉም የተፈቀደ ነው። ይሁን እንጂ ጊዜያዊ መጠቀሚያ እንጂ የክብር መለኪያ አይደለም።

ሙስሊም በዘገቡት የጃቢር (ረ.ዐ) ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ፍራሽ ለባል፣ አንድ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ እንደሆነ ተናግረው፣ አራተኛውን የሸይጧን ብለውታል። ኢማም አን-ነወዊ እንዳብራሩት የተወገዘው ከፍላጎት አልፎ ለመኩራሪያ የሚያዘው ነው። ስለዚህ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ተጨማሪ ፍራሽ ቢኖረው አይነቀፍም፤ ማንም የማይቀመጥበት ሳሎን ግን ሊታሰብበት ይገባል።

የዘመኑ ፋሽን

ዛሬ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የሚታየው ባለ ኤልኢዲ መብራት የጂፕሰም ኮርኒስ፣ እብነ በረድ የሚመስል የፒቪሲ ግድግዳ፣ ኤል ቅርጽ ሶፋ፣ ትልቅ የቲቪ ስታንድና የዐረብ መጅሊስ ነው። በሌላው ዓለም ደግሞ ወደ ተፈጥሮ እንጨት፣ ወደ ሸክላና አፈር ቀለም፣ በእጅ ወደ ተሠራ ዕቃ መመለስ እየተስፋፋ ነው። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል ቤቶች መቀመጫቸው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነደባ ነው፤ ጌጣቸውም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፌት ነው። ነደባ አይሰበርም፤ ፋሽኑ አለፈ ተብሎም አይጣልም።

ኤምዲኤፍና ቺፑድ

በገበያው በብዛት የሚገኙት ቁምሳጥኖችና ቡፌዎች የተሠሩት በኮላ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ወይም ቃጫ ነው። ዋጋቸው ይቀላል፤ መልካቸውም ያምራል። ድክመታቸው ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ውኃ ነው። ጠርዙ በደንብ ካልተሸፈነ እርጥበት ይመጣል፤ አንዴ ካበጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ምድር ቤት ለሚኖርና የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ለሚያፈስበት ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሁለተኛው ኮላው ነው። በአብዛኛው ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል አለበት፤ ዕቃው አዲስ ሳለ ጋዙ ይወጣል፣ ዓይንና ጉሮሮም ይቆጠቁጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ስለዚህ ጋዙ ዝቅተኛ መሆኑን የሚያመለክት «ኢ-1» ወይም ከዚያ የተሻለ ደረጃ ያለው መሆኑን ይጠይቁ። ሽታው የሚከብድ ቁምሳጥን ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ወዲያውኑ አያስገቡ፤ በሮቹን ከፍተው መስኮት ባለበት ክፍል ለተወሰኑ ሳምንታት ያናፍሱት።

እንጨት ሲመርጡ

ዋንዛ ለቤት ዕቃ የታወቀ ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል። ግን ከየት መጣ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ዝግባ፣ የሐበሻ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከተጠበቁ ደኖች እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ምክንያቱ ዛፎቹ እየተመናመኑ መምጣታቸው ነው። የተሰረቀ እንጨት በቤታችን ውስጥ ማኖር ለአንድ ሙስሊም የሐላል ጥያቄ ነውና አናጢውን ምንጩን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አማራጮች አሉ፦

1. አሮጌ የዋንዛ ዕቃ። ያገለገለ ጠንካራ ቁምሳጥን ገዝቶ ማስላጥና ቫርኒሽ ማስቀባት አዲስ ዛፍ አያስቆርጥም።

2. ግራቪሊያና ባሕር ዛፍ። ሰው ተክሎ የሚያሳድጋቸው ፈጥነው የሚደርሱ ዛፎች ናቸው። በደንብ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ ግን ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ መድረቁን ያረጋግጡ።

3. ቀርቀሃ። ኢትዮጵያ በቀርቀሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ የደጋው በአዊና በሲዳማ፣ የቆላው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በብዛት ይበቅላል። በሦስትና አራት ዓመት ለሥራ ይደርሳል፤ ተቆርጦም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ጠላቱ ውስጡን የሚበላው ነፍሳት ነው። ትንንሽ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካዩ አይግዙ፤ በቦራክስ መታከሙንም ይጠይቁ።

ሶፋ፣ መጅሊስና ምንጣፍ

ሶፋን ቶሎ የሚገድለው ስፖንጁ ነው። ለመቀመጫ የሚሆነው በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራም ገደማና ከዚያ በላይ የሚመዝነው ነው፤ ቀለል ያለው ቶሎ ይጎደጉዳል። ሻጩ ዚፕ ከፍቶ እንዲያሳይዎት፣ ሶፋውንም ገልብጦ ፍሬሙን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።

መጅሊስ ለጠባብ ቤት ጥሩ አማራጭ ነው፦ እዚሁ ይሠራል፣ እንግዳ ሲያድር ፍራሽ ይሆናል፣ ሊፍት በሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ በቀላሉ ይወጣል። ጨርቁ በዚፕ የሚወልቅና የሚታጠብ ይሁን፤ ሲያረጅ ልባሱን ብቻ ለመቀየር ያመቻል። ለወለል ደግሞ በመንዝና በደብረ ብርሃን አካባቢ ከበግ ፀጉር በእጅ የሚሠራው ምንጣፍ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

ሥዕልን በተመለከተ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ታሪክ አለ። ምስል ያለበት መጋረጃ ሰቅላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጠሉት ጊዜ ጨርቁን ቀዳ ትራስ አደረገችው። ሕያው ፍጡር የተሣለበትን ጌጥ ከግድግዳችን ማራቅን እንማርበታለን፤ ጨርቁ ሳይጣል ለሌላ ጥቅም መዋሉም ሌላ ትምህርት ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

• ዕቃውን በአንድ ጥግ ያንሱት፤ ከተንቀጠቀጠ መጋጠሚያው ደካማ ነው።
• ጀርባውንና የመሳቢያውን ታች ይዩ፤ ጉድለት የሚደበቀው እዚያ ነው።
• ማጠፊያውና ብሎኑ ሲሰበር የሚተካ መሆኑን ይጠይቁ።
• የበርዎንና የደረጃዎን ስፋት ለክተው ይሂዱ።
• ቤት ሲያስገቡ ከግድግዳው ጥቂት ያርቁት፤ አየር ካላገኘ ይሻግታል።

ዋጋውን በዓመት ይቁጠሩ

ለምሳሌ በ60 ሺህ ብር የተገዛ ሶፋ 4 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 15 ሺህ ብር ያስወጣል። በ120 ሺህ ብር የተሠራው 15 ዓመት ቢቆይ በዓመት 8 ሺህ ብር ብቻ ነው። አቅም ከሌለ ሁለቱንም አለመግዛት ይቻላል፦ ዘንድሮ ፍራሽና ምንጣፍ፣ ለከርሞ ቁምሳጥን። ባዶ ጥግ ዕዳ የለበትም።

በክፍያ መግዛት ካስፈለገ ብዙኃኑ ዑለማዎች ጠቅላላ ዋጋው በውሉ ላይ ከተቆረጠ ይፈቅዱታል። ክፍያ ሲዘገይ ዕዳው የሚጨምርበት ውል ግን ሪባ ነው። ወጣቶች ትዳራቸውን በዚህ ዓይነት ዕዳ እንዳይጀምሩ የሁለቱም ወገን ቤተሰቦች ከኒካሑ በፊት «ቤት ይሟላ» የሚለውን ጥያቄ ሊያለዝቡት ይገባል።

አሮጌውስ?

ለመጠገን የሚሆነውን ያስጠግኑ፤ ብረቱን ለቁራሌው ይስጡ። ለሶደቃ የሚወጣው ደግሞ ገና የሚያገለግለው ይሁን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 267 እኛ ራሳችን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መናኛ ነገር እንዳንሰጥ አስጠንቅቆናል። ተሰብሮ ከመጣሉ በፊት ለጎረቤት ወይም ለመድረሳ የተሰጠ መደርደሪያ ለሰጪውም አጅር ነው፤ ጠንካራ ዕቃ መግዛት አንዱ ጥቅሙም ከእኛ አልፎ ለሌላ መትረፉ ነው። ወላሁ አዕለም።