የትኩረት ማነስ ችግር ላለባቸው ሕጻናት ስለሚታዘዝ አነቃቂ መድኃኒት ማወቅ የሚገባዎት

የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ እንቅስቃሴ ችግር (ኤዲኤችዲ) ከአንጎል ዕድገት ጋር የተያያዘ የጤና ሁኔታ እንጂ ከስንፍና ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመነጭ አይደለም። በመሆኑም ሕጻኑን መቅጣት መፍትሔ አይሆንም።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?
ዶፓሚን የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ ሲሆን ለትኩረትና ለተነሳሽነት አስፈላጊ ነው። ሜቲልፌኒዴት የተባለው መድኃኒት የተለቀቀው ዶፓሚን ወደ ሕዋሱ ተመልሶ እንዳይገባ በማገድ በሕዋሳት መካከል ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆይ ያደርጋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሕጻኑን አያደነዝዝም፤ ትኩረቱን እንዲሰበስብ ያግዘዋል እንጂ። ሆኖም ችግሩን ከሥሩ አያድንም፤ የአጭር ጊዜው ዓይነት አገልግሎት 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ከመጀመሩ በፊት
ሐኪሙ የሕጻኑን ቁመት፣ ክብደት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ይለካል። በቤተሰብ ውስጥ የልብ ሕመም ካለ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል። ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች ለሆኑ ሕጻናት ቅድሚያ የሚሰጠው ለወላጆች የሚሰጥ የሥነ ባሕርይ ሥልጠና ነው።

ጥንቃቄ
የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የእንቅልፍ ማጣትና ራስ ምታት ሊከሰቱ ይችላሉ። የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት በመሆኑ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይወሰዳል። መጠኑን በራስ ፈቃድ መለወጥም ሆነ ለሌላ ሰው ማካፈል አይገባም።