ኮሞሩ ሲናገር የተናገረው ማን ነው?

የሃይማኖት መሪ አፉን በከፈተ ቁጥር የሚወጣው የፈጣሪ ቃል ነው? ወይስ አንዳንዴ ሰውየው ራሱ ነው የሚያወራው? ይህ ጥያቄ ሲነሳ እኛ ከተሜዎቹ ወደ መጽሐፍ እንሮጣለን። «የት ምዕራፍ ላይ ተጽፏል?» ማለት ለምዶብናል። ዛሬ ግን ጥያቄውን ይዘን ነባሩ እምነት በቃል እንጂ በመጽሐፍ ወዳልተላለፈበት ወደ ደቡብ ኦሞ እንውረድ። የተጻፈ ነገር ከሌለ «ይሄ የእግዜር፣ ያ የሰውየው» ብሎ መለየት በምን ይቻላል?

ከሙርሲዎች እንጀምር። ከጂንካ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በኦሞና በማጎ ወንዞች መካከል ይኖራሉ። በባህላቸው ንጉሥ የላቸውም። ያላቸው ኮሞሩ ነው። ኮሞሩ ክህነቱን በዘር የሚወርስ፣ በሕዝቡና «ቱምዊ» ብለው በሚጠሩት ፈጣሪ መካከል የሚቆም ሰው ነው። ዝናብ ሲጠፋ፣ ተባይ ሰብሉን ሲያጠቃ፣ ከብት ሲታመም፣ ጠላት ሲያሰጋ ሥርዓቱን የሚፈጽመው እሱ ነው። የሕዝቡ ደህንነት ከእሱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከሙርሲ ምድር ባይወጣ ይመረጣል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው «ነገ እንነሳ» ካለ ነገሩ ያለቀለት አይመስላችሁም?

አላለቀም። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙርሲዎች ዘንድ እየተመላለሰ ያጠናው አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን እንደጻፈው፣ የጋራ ጉዳይ የሚመከረው በወንዶች ሸንጎ ነው። አንዱ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ ሌላው ይነሳል። ድምፅ የሚቆጥር የለም። ሰው የሚሰማው ተናጋሪ ጉባኤው ወዴት እንዳዘነበለ የገባውና ጊዜውን ጠብቆ የሚናገረው ነው። ኮሞሩም ይናገራል፤ ቃሉ ይከበራል፤ ግን ማንንም ማስገደድ አይችልም። እኛ እንደተረዳነው መለያው የተባለው ነገር ሳይሆን የተባለበት ቦታና ጊዜ ነው። ሥርዓቱ ላይ የቆመው ኮሞሩና ሸንጎ ላይ የሚከራከረው ኮሞሩ አንድ ሰው ናቸው፤ ክብደታቸው ግን አንድ አይደለም።

ሐመሮች ጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ምርቃታቸው፣ ማለትም «ባርጆ» ብለው የሚጠሩትን በጎ ዕድል መጥራት፣ መሪው ብቻውን የሚያነበንበው አይደለም። እሱ ይጠራል፣ የተቀመጡት በአንድ ድምፅ ይቀበሉታል። ተቀባይ ከሌለ ምርቃትም የለም። (የአገራችንን ሽማግሌ ሲመርቅ «አሜን» ብላችሁ የምታውቁ ሁሉ ይሄ አይጠፋችሁም።)

መጽሐፍ ያላቸውስ? ከሁሉ የሚገርመን የሞርሞኖች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ይህ ቤተ ክርስቲያን አራት ቅዱሳት መጻሕፍት አሉት፤ በዚያ ላይ በሕይወት ያለውን ፕሬዚዳንቱን ነቢይ ይለዋል። መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ ራሱ በ1843 ነቢይ ነቢይ የሚሆነው እንደ ነቢይ ሲሠራ ብቻ ነው ብሎ ነበር። ጥሩ ድንበር ይመስላል። ይሁንና ተተኪው ብሪገም ያንግ በ1852 ጥቁሮች ክህነት እንዳይቀበሉ የሚከለክለውን አቋም በይፋ ተናገረ። የተናገረው የት መሰላችሁ? መቅደስ ውስጥ ሳይሆን በዩታ ግዛት ሕግ አውጪ ምክር ቤት ፊት! እገዳው እስከ 1978 ድረስ፣ 126 ዓመት ጸና። የተነሳው «ራእይ ተቀበልን» በሚል መግለጫ ሲሆን፣ መግለጫው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለጉባኤው ቀርቦ ምእመናኑ እጅ አውጥተው ተቀበሉት። በ2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለእገዳው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች እንደማትቀበል አስታወቀች። በእነዚያ 126 ዓመታት ክህነት የተከለከለ ጥቁር ምእመን ግን የሰማው የምክር ቤት ንግግር ሳይሆን የእግዚአብሔር ፈቃድ መስሎት ነው የኖረው።

የእኛስ አገር እንዲህ ያለ ነገር አላየም? አይቷል፤ ያውም ጂንካ አጠገብ። አሪዎች «ባቢ» የሚሏቸው መሪዎች ነበሯቸው፤ ዝናቡም የአዝመራውም በረከት ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው ይባል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር አካባቢውን ሲይዝ ባላባት አድርጎ የሾመው ከእነዚሁ መካከል ነው። ነገሩ ብልጠት ነበር። ገበሬው ነፍጠኛውን ባያምነው ባቢውን ያምናል። ዝናብ የሚለምነው አፍ «ግብር አግባ» ማለት ጀመረ። ሙርሲ ውስጥ ተለያይተው የኖሩት ሁለቱ ንግግሮች፣ የመሠዊያውና የአደባባዩ፣ እዚህ አንድ ሰው ላይ ተደረቡ። ከባቢዎቹ መካከል በዚህ የከበረም የተጎዳም አይጠፋም፤ ለገባሩ ግን መንግሥትን ሳይነቅፍ ባቢውን፣ ባቢውን ሳይጠራጠር መንግሥትን መጠራጠር ከባድ ሆነ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ባኮ ሲደርሱ ያገኙት ይህንን ሕዝብ ነው። ብዙ አሪዎች ፕሮቴስታንት ሆኑ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅና የገበሬ ማኅበራት ደግሞ ባላባትነቱን ወሰዱት። በባቢው እጅ የቀረው ከምኒልክ ጦር በፊት የነበረው ሥራ ብቻ ሆነ፤ እሱንም የሚሻው ሰው ቀንሶ ነበር። የባቢውን ቃል የተዉት አሪዎች አዲሶቹን ሰባኪዎች «የት ተጽፏል?» ብለው ሊጠይቁ ይችሉ ነበር፤ ባቢውን በዚህ ጥያቄ የሚይዘው ሰው አልነበረም።