መገጣጠሚያ አልባ የአረፋ ቴክስቸር

መገጣጠሚያ አልባ የአረፋ ቴክስቸር በኮምፒውተር ግራፊክስ የአረፋን ወይም የአረፋ መሰል ነገርን ገጽ የሚያሳይ፣ ጎን ለጎንም ሆነ ከላይ ወደ ታች ሲደረደር መገጣጠሚያው የማይታይ አራት ማዕዘን ዲጂታል ምስል ነው። የምስሉ ቀኝ ጠርዝ በግራው፣ የላይኛው ጠርዝ በታችኛው ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት አንድ ትንሽ ምስል ደጋግሞ በመዘርጋት ሰፊ ገጽ መሸፈን ይቻላል። የሸማ ጥለትም አንድ ቅርጽ እየደጋገመ ይሄዳል፤ ልዩነቱ ጥለት ድግግሞሹን ለማሳየት ሲሠራ ይህ ቴክስቸር ግን ድግግሞሹን ለመደበቅ መሠራቱ ነው።

አረፋ ማለት በፈሳሽ ወይም በጠጣር ነገር ውስጥ የታፈነ የጋዝ ክምችት ነው። የሳሙና አረፋ፣ የጠላና የቢራ አረፋ፣ የማኪያቶ ወተት፣ የፍራሽ ስፖንጅ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንጀራም ሲጋገር ጋዙ ያለፈበትን መንገድ ይዞ የደረቀ አረፋ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ የአየር ክፍል «ዓይን» ይባላል፤ ስሙ ከእንጀራ የተወሰደ ነው።

አስፈላጊነቱ

ምክንያቱ በዋናነት የማስታወሻ ቦታ ነው። 190 በ90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የስፖንጅ ፍራሽ ላዩን በሙሉ በአንድ ምስል ለመሸፈን ቢፈለግና ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 68 ያህል ፒክሰል ቢሰጥ፣ ያልታመቀው ምስል ከ300 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል። በዚያው ጥራት 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መገጣጠሚያ አልባ ምስል 2048 በ2048 ፒክሰል ሆኖ 16 ሜጋባይት ይበቃዋል። ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ለሚሠራ ተማሪ ይህ ልዩነት ሥራው በመከናወኑና ፕሮግራሙ በመዘጋቱ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

አጭር ታሪክ

ምስልን በሦስት አውታር ቅርጽ ላይ የማልበስን ዘዴ ኤድዊን ካትሙል እ.ኤ.አ. በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ አሳየ። ጂም ብሊን በ1978 የገጹን ቅርጽ ሳይለውጡ ጎርባጣ የማስመሰልን ስልት ጨመረ። ኬን ፐርሊን በ1985 በስሌት ብቻ የሚፈጠር ቴክስቸርን አስተዋወቀ። ለአረፋ ግን ይበልጥ የሚጠቅመው በ1996 ስቲቨን ዎርሊ ያቀረበው ነው፤ በዘፈቀደ የተበተኑ ነጥቦችን ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ቅርቡ ነጥብ የትኛው እንደሆነ በማስላት ዓይን የሚመስሉ ክፍሎችን ያወጣል።

አረፋ ለምን ያስቸግራል

አሸዋን ወይም ሣርን መገጣጠሚያ አልባ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሁለት ጠርዞችን ቀስ በቀስ ማቀላቀል ብዙ ጊዜ ይበቃል። አረፋ ላይ ይህ አይሠራም። አረፋ ሥርዓት አለው። የቤልጂጉ የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ፕላቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተዋለው፣ በደረቀ የሳሙና አረፋ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ስስ ግድግዳዎች በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ማዕዘንም 120 ዲግሪ ነው። ሁለት የአረፋ ፎቶዎች ሲቀላቀሉ ግን አንዱ ግድግዳ በሌላው ላይ እንደ ጥላ ያልፋል፤ አራት ወይም አምስት ግድግዳዎች በአንድ ቦታ ይሻገራሉ። ተመልካቹ ሕጉን ባያውቅም ዓይኑ «ይህ አረፋ አይደለም» ይለዋል።

መፍትሔው ማቀላቀሉን ትቶ መቁረጥ ነው። አሌክሲ ኤፍሮስና ዊልያም ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳዩት ዘዴ፣ ሁለት ቁራጮች በሚደራረቡበት ቦታ ልዩነታቸው አነስተኛ የሆነበት መንገድ በስሌት ይፈለግና ምስሉ በዚያ ይቆረጣል። በአረፋ ላይ ቁርጡ የዓይኖቹን ግድግዳ ተከትሎ ሲሄድ ጠባሳው በግድግዳው ይሸፈናል። በእጅ ለሚሠራም ያው ነው፤ በጊምፕ ምስሉን በስፋቱና በቁመቱ ግማሽ ማንሸራተት፣ ጠርዞቹ በመሐል መስቀል ሠርተው ሲታዩ ከሌላ ቦታ ሙሉ ዓይኖችን እየቀዱ መሸፈን። ግማሽ ዓይን መቅዳት ሥራውን ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም።

በስሌት መሥራት

ፎቶ ሳይነሣ ለመሥራት ነጥቦችን በአራት ማዕዘን ውስጥ በትኖ፣ ያንኑ አራት ማዕዘን በዙሪያው ስምንት ጊዜ ገልብጦ ክፍሎቹን ከዘጠኙ ላይ ማስላትና የመካከለኛውን ብቻ ማስቀረት ይቻላል። በቀኝ ጠርዝ ያለው ዓይን ጎረቤቱን በግራ ጠርዝ ስለሚያገኝ ምስሉ በተፈጥሮው መገጣጠሚያ አይኖረውም። በየክፍሉ ያለውን ነጥብ ወደ ክፍሉ መካከል እየገፉ ስሌቱን ጥቂት ጊዜ መድገም ዓይኖቹን ያመጣጥናቸዋል። ሲበዛ ግን የንብ እንጀራ ይመስላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ ለማረሚያ የሚያገለግል አንድ የሒሳብ እውነት አለ። በእያንዳንዱ መገናኛ ሦስት ግድግዳዎች ብቻ ካሉ፣ በመገጣጠሚያ አልባ ምስል ላይ ዓይኖቹ ያላቸው የጎን ብዛት አማካይ በትክክል 6 ይሆናል። አንዱ 4፣ ሌላው 9 ጎን ሊኖረው ይችላል፤ አማካዩ ግን አይለወጥም። የተቆጠረው ከ6 የተለየ ከሆነ አንድ ቦታ ግድግዳ ጠፍቷል ወይም ተደርቧል ማለት ነው።

የእንጀራ ምሳሌ

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ የስንዴና የገብስ አገር ሲሆን ከተማዋም የብቅል ፋብሪካ አላት። ስለዚህ ለአረፋ ናሙና ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጠላው፣ ማኪያቶው፣ ምጣዱ ቅርብ ነው። የክረምቱ ደመናም ይጠቅማል። ቴክስቸር የሚሆን ፎቶ የጠራ ጥላ ሊኖረው አይገባም፤ ጥላ ካለው፣ በግራፊክሱ ትዕይንት ውስጥ ፀሐይ ከሌላ አቅጣጫ ስትመጣ ውሸቱ ይጋለጣል። በደመና ቀን ከደጅ የሚነሣ ፎቶ ያለ ምንም የስቱዲዮ መብራት ለስላሳና እኩል ብርሃን ያገኛል።

እንጀራ ሲጋገር ሊጡ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ ይፈሳል፤ ከምጣዱ ሙቀት የተነሣ በቡካት የተፈጠረው ጋዝና እንፋሎቱ ወደ ላይ ሲወጡ ዓይኖቹ ይከፈታሉ፤ ከዚያ አክንባሎው ይከደናል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የዓይኖቹ አደራደር የአፈሳሰሱን ዙር ስለሚከተል አቅጣጫ አለው፤ ናሙናውን ከዳሩ ስስ ክፍልም ከመሐሉም ሳይሆን ከመካከላቸው መውሰድ ይሻላል። ሁለተኛ፣ የእንጀራው ጀርባ ዓይን የለውም፤ ስለዚህ ለጀርባው ሌላ ቴክስቸር ያስፈልጋል። እንጀራን ሲጠቀልሉ ሁለቱም ገጾች ስለሚታዩ ይህን መርሳት ወዲያው ያስታውቃል።

የናሙናው እውነተኛ ስፋት መመዝገብ አለበት። ፎቶው 20 ሴንቲ ሜትር የሚሸፍን ከሆነና እንጀራው 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ምስሉ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ይደገማል። ቁጥሩን በግምት የሚያስቀምጥ ሰው ዓይኖቹ የሳንቲም ያህል የሰፉ እንጀራ ይወጣዋል።

ከቀለም ሌላ

ለእውነተኛነት የቀለም ምስል ብቻውን አይበቃም። የከፍታ፣ የገጽ አቅጣጫና የሻካራነት ምስሎች ይጨመራሉ፤ ሁሉም በአንድ ቁርጥ መገጣጠም አለባቸው። ቀለሙ በአንድ መስመር፣ ከፍታው በሌላ መስመር ከተቆረጠ ዓይኑ ከጥላው ይለያያል። ሌላው የተለመደ ስሕተት በብሌንደር የሻካራነትና የአቅጣጫ ምስሎችን እንደ ቀለም ማስገባት ነው። እነዚህ ምስሎች የያዙት ቁጥር እንጂ ቀለም ስላልሆነ፣ ቀለም እንዳልሆኑ ለፕሮግራሙ መንገር ያስፈልጋል።

የፈሳሽ አረፋ ንጣት ደግሞ ከቀለም አይመጣም። የሳሙና ውኃ ራሱ ብርሃን አሳላፊ ነው፤ አረፋው የሚነጣው ብርሃኑ በብዙ ግድግዳዎች እየተንጸባረቀና እየተሰበረ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚመለስ ነው። ስለዚህ ፍጹም ነጭ ቀለም ከመስጠት ትንሽ ደብዘዝ አድርጎ ብርሃን ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ መፍቀድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ስፖንጅ በተቃራኒው ደረቅና የማያብለጨልጭ ነው። የማኪያቶ አረፋ ዓይኖች ግን እጅግ ጥቃቅን በመሆናቸው ከጠረጴዛ ርቀት አንዱ ከሌላው አይለይም፤ ዓይኖቹን ከመሳል ለስላሳ ገጽና ጥቂት ተለቅ ያሉ ዓይኖች በዳሩ ላይ ማኖር ይበቃል።

ድግግሞሽን መደበቅ

መገጣጠሚያው ቢጠፋም ድግግሞሹ ሊታይ ይችላል። ብዙውን ጊዜ አጋላጩ ከሌሎቹ የተለየ አንድ ትልቅ ዓይን ነው፤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ያው ዓይን ሲመለስ ገጹ የወለል ንጣፍ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ከናሙናው ማውጣት ቀላሉ ዘዴ ነው። ጠርዞቻቸው የሚገጥሙ ጥቂት የተለያዩ ምስሎችን አዘጋጅቶ በዘፈቀደ መደርደርም ይቻላል፤ ይህ ሐሳብ የሒሳብ ሊቁ ሃዎ ዋንግ በ1961 ካቀረባቸው ንጣፎች የመጣ ነው። ኤሪክ ሃይትዝና ፋብሪስ ኔሬ በ2018 ያወጡት፣ ቁራጮችን በዘፈቀደ እየወሰደ የሚያቀላቅል ፈጣን ዘዴ ለሣርና ለአሸዋ ግሩም ነው፤ ዓይኑ በግልጽ ለሚታይ አረፋ ግን አይመከርም፤ ማቀላቀል ስለሆነ ከላይ የተባለውን የግድግዳ መሻገር ይመልሳል።

ከርቀት ሲታይ እያንዳንዱ ዓይን ከአንድ ፒክሰል ያንሳል፤ ምስሉም ሲንቀሳቀስ ይብለጨለጫል። ለዚህ ላንስ ዊልያምስ በ1983 ያቀረበው፣ የምስሉን በግማሽ በግማሽ እያነሱ የሚሄዱ ቅጂዎች አስቀድሞ የማዘጋጀት ስልት ያገለግላል። ቅጂዎቹ ሁሉ ተደምረው የሚጨምሩት ቦታ ከዋናው ምስል አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ 16 ሜጋባይት የነበረው የፍራሽ ምስል ወደ 21 ሜጋባይት ይደርሳል።